ጆርጅ ዋሽንግተንና የማውንት ቨርነን የውስኪ ማምረቻ

ጆርጅ ዋሽንግተን (ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 – ዲሴምበር 14 ቀን 1799 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የጦሩ ዋና አዛዥ፣ ከ1789 እስከ 1797 ድረስ ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ነበሩ። በሕይወታቸው የመጨረሻ ሦስት ዓመታት በቨርጂኒያ በሚገኘው ርስታቸው በማውንት ቨርነን የውስኪ ማምረቻ አቋቁመው ነበር። ይህ ማምረቻ በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን (41,500 ሊትር ገደማ) ውስኪ በማውጣት በጊዜው በአሜሪካ ከነበሩት ትልልቅ ማምረቻዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የዕለት ሥራውን ያከናውኑ የነበሩት በባርነት የተያዙ ስድስት ሰዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ዋሽንግተን የተወለዱት በቨርጂኒያ፣ በዌስትሞርላንድ አውራጃ ነው። አባታቸው ኦገስቲን ዋሽንግተን በ1743 ሲሞቱ ልጁ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በአባት የሚገናኟቸው ታላቅ ወንድማቸው ሎረንስ እንደ አባት ሆነው አሳደጓቸው። በወጣትነታቸው መሬት መለካት ተምረው በዚሁ ሙያ ገቢ ማግኘት ጀመሩ። ሎረንስ በ1752 ሲሞቱ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለውን የማውንት ቨርነን ርስት ዋሽንግተን መጀመሪያ በኪራይ ያዙት፤ በ1761 ደግሞ የወንድማቸው ሚስት በማረፋቸው ሙሉ በሙሉ ወረሱት።

በ1759 ማርታ ዳንድሪጅ ከስቲስ የተባሉትን ባለጸጋ ባል የሞተባቸው ሴት አገቡ። ማርታ ከመጀመሪያ ባላቸው የወለዷቸው ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ከዚያው ባል ርስት ሰፊ መሬትና በባርነት የተያዙ ብዙ ሰዎችም ወደ አዲሱ ትዳር ይዘው መጡ።

በዘመኑ መጠጥ ከፖለቲካም የራቀ አልነበረም። ዋሽንግተን በ1758 ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ በቨርጂኒያ እንደተለመደው፣ ለመራጮች ወደ 160 ጋሎን የሚሆን ሩም፣ ወይን፣ ቢራና የፖም ጠጅ ቀርቦላቸው ነበር። ምርጫውንም አሸነፉ። እርሳቸው ራሳቸው ግን ከሁሉ ይልቅ ማዴይራ የተባለውን ወይን ይወዱ ነበር።

ከትንባሆ ወደ እህል

በጊዜው የቨርጂኒያ ባለርስቶች ዋና ምርት ትንባሆ ነበር። ትንባሆ መሬትን ቶሎ ያደክማል፤ ዋጋውን የሚወስኑትም እንግሊዝ አገር ያሉ ነጋዴዎች ስለነበሩ ብዙ ገበሬ በዕዳ ተይዞ ይኖር ነበር። ዋሽንግተን በ1760ዎቹ አጋማሽ ትንባሆን ትተው በማውንት ቨርነን ስንዴን ዋና ሰብላቸው አደረጉ። እህሉን የሚፈጭ ትልቅ የድንጋይ ወፍጮ ቤትም ዶግ ረን በተባለ ጅረት አጠገብ አሠርተው በ1771 ሥራ ጀመረ። ወፍጮው በውሃ ኃይል የሚዞር ሲሆን ዱቄቱ ከአካባቢው አልፎ በመርከብ ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር። በ1791 ደግሞ ኦሊቨር ኢቫንስ የፈለሰፈው፣ እህሉንና ዱቄቱን በራሱ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያመላልስ መሣሪያ ተገጠመለት።

ይህ ወፍጮ ለኋለኛው የውስኪ ሥራ መሠረት ሆነ። እህሉ ከርስቱ፣ ዱቄቱ ከወፍጮው፣ ውሃው ከጅረቱ፣ በርሜሉ ደግሞ እዚያው ከሚሠሩ በርሜል ሠሪዎች ይገኝ ነበርና።

መጠጥ በጦርነቱ ጊዜ

ዋሽንግተን በጁን 1775 የአሜሪካ ጦር ዋና አዛዥ ሆነው ተሾሙ። በዚያን ዘመን ለወታደር ከምግቡ ጋር የተወሰነ መጠጥ መስጠት የተለመደ ነበር፤ ብርድንና ድካምን ይከላከላል ተብሎም ይታመን ነበር። በቅኝ ግዛቶቹ ይጠጣ የነበረው ግን በአብዛኛው ሩም ነው። ሩም የሚወጣው ከካሪቢያን ደሴቶች ከሚመጣ የሸንኮራ አገዳ ዝቃጭ በመሆኑ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ንግዱን ሲያውክ እጥረት ተፈጠረ። ዋሽንግተን በ1777 ለኮንግረሱ በጻፉት ደብዳቤ በየግዛቱ የሕዝብ አረቄ ማውጫ ቤቶች እንዲቋቋሙ ሐሳብ አቅርበዋል። ከጦርነቱ በኋላም ከአገር ውስጥ እህል የሚወጣው ውስኪ የሩምን ቦታ እየወሰደ ሄደ።

የውስኪ ግብርና ዓመፁ

ዋሽንግተን ፕሬዝዳንት ከሆኑ በኋላ መንግሥቱ ከጦርነቱ የተረፈ ከባድ ዕዳ ነበረበት። በገንዘብ ሚኒስትሩ በአሌክሳንደር ሃሚልተን ሐሳብ መሠረት በ1791 በአገር ውስጥ በሚወጣ አረቄ ላይ ግብር ተጣለ። በምዕራብ ፔንስልቬኒያ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን ግብር አጥብቀው ተቃወሙ። እህላቸውን በጋማ ከብት ጭነው ተራራውን አቋርጠው ገበያ ማድረስ ኪሳራ ስለነበር፣ ውስኪ አድርጎ መሸጥ ዋና መውጫቸው ነበር። ጥሬ ገንዘብ በማይገኝበት በዚያ አገር ውስኪ ራሱ እንደ ገንዘብ ይለዋወጡበት ነበር፤ ግብሩ ግን በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ታዘዘ። የአከፋፈሉ ሥርዓትም ለትልልቅ አምራቾች ያደላ ነበር።

በጁላይ 1794 ዓመፀኞች የግብር ተቆጣጣሪውን የጆን ኔቪልን ቤት አቃጠሉ። ዋሽንግተን ከአራት ግዛቶች ወደ 13,000 የሚጠጋ ጦር አስከትተው እስከ ቤድፎርድ፣ ፔንስልቬኒያ ድረስ ራሳቸው ተጓዙ። ዓመፀኞቹም ሳይዋጉ ተበተኑ። በአገር ክህደት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ዋሽንግተን በ1795 በምሕረት ለቀቋቸው። ግብሩ ራሱ በ1802፣ በቶማስ ጀፈርሰን ዘመን ተሻረ።

የማምረቻው መቋቋም

ዋሽንግተን ከሥልጣን ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ጄምስ አንደርሰን የተባሉ ስኮትላንዳዊ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ ቀጠሩ። አንደርሰን በስኮትላንድም በቨርጂኒያም አረቄ የማውጣት ልምድ ነበራቸው። የማውንት ቨርነንን እህል፣ ወፍጮና ውሃ አይተው ውስኪ ቢወጣበት ትርፍ እንደሚያስገኝ ለአሠሪያቸው አመለከቱ። ዋሽንግተን በዚህ ሥራ ልምድ ስላልነበራቸው መጀመሪያ አመነቱ። በ1797 መጀመሪያ በወፍጮው አጠገብ ባለው የበርሜል መሥሪያ ቤት በሁለት የመዳብ ጋኖች ሙከራ ተጀመረ። ዋሽንግተን በአሌክሳንድሪያ ከተማ ሩም ያወጡ የነበሩትን ወዳጃቸውን ጆን ፊትዝጄራልድን ካማከሩ በኋላ ሥራው እንዲስፋፋ ፈቀዱ።

አዲሱ ሕንጻ በ1798 የጸደይ ወራት ተጠናቀቀ። ርዝመቱ 75 ጫማ፣ ስፋቱ 30 ጫማ (23 በ9 ሜትር ገደማ) ሲሆን፣ መሠረቱ ከወንዝ ድንጋይ የተሠራ ነበር። በውስጡ አምስት የመዳብ ጋኖች ተተከሉ፤ አምስቱም በአንድነት 616 ጋሎን (2,300 ሊትር ገደማ) ይይዙ ነበር። በዘመኑ አብዛኛው የቨርጂኒያ አረቄ አውጪ አንድ ወይም ሁለት ጋን ብቻ ያለውና በዓመት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚሠራ ገበሬ ነበር። የዋሽንግተን ማምረቻ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራ ነበር።

የውስኪው አወጣጥ

በ1798 እና በ1799 ከተያዙት የሒሳብ መዝገቦች እንደሚታወቀው፣ ዋናው ውስኪ የሚወጣው ከ60 በመቶ ራይ፣ ከ35 በመቶ በቆሎና ከ5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበር። ራይ የስንዴ ዘመድ የሆነ፣ ብርድ የሚችል እህል ነው።

ሥራው የሚጀምረው በወፍጮው ነው። የተፈጨው እህል በእንጨት ገንዳ ውስጥ ይጨመርና በመዳብ ማፍያ የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ገንዳዎቹ እያንዳንዳቸው 120 ጋሎን (450 ሊትር ገደማ) ይይዙ ነበር። ሠራተኞቹ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት መቅዘፊያ ድፍድፉን ያማስሉታል። ሙቀቱ ሲበርድ የገብሱ ብቅል ይጨመራል፤ ብቅሉ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ቀጥሎ እርሾ ይገባበትና ለጥቂት ቀናት ይብላላል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል።

የፈላው ድፍድፍ በባልዲ እየተቀዳ ወደ መዳቡ ጋን ይገለበጣል፤ ከሥሩም በእንጨት እሳት ይነድበታል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን፣ እንፋሎቱ በጋኑ አንገት ወጥቶ እንደ እባብ ወደ ተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ ይገባል። ቱቦው በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ የተነከረ ሲሆን፣ ውሃው ከጅረቱ በእንጨት ቦይ ያለማቋረጥ ይመጣ ነበር። በቱቦው ውስጥ የቀዘቀዘው እንፋሎት ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሚወጣው ደካማ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ዳግም አረቄ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ሁለተኛ ተመልሶ በጋን ያልፋል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ስለሚያርና ጣዕሙ ስለሚበላሽ፣ ሠራተኛው ዓይኑን ከእሳቱ ላይ ማንሳት አይችልም ነበር።

የዚያን ጊዜ ውስኪ እንደ ዛሬው በእንጨት በርሜል ለዓመታት አይቀመጥም። እንደ ውሃ ንጹሕ መልክ እንዳለው፣ ወዲያውኑ በበርሜል ተሞልቶ ይሸጥ ነበር። የተረፈው አተላ ለከብቶችና ለአሳማዎች ይሰጥ ነበር። በ1798 ማውንት ቨርነንን የጎበኙት ፖላንዳዊው ጸሐፊ ዩልያን ኒየምቸቪች ከአተላው የተነሣ አሳማዎቹ እጅግ እንደወፈሩ ጽፈዋል።

ሠራተኞቹ

ማምረቻውን አንደርሰን ከልጃቸው ከጆን ጋር ይቆጣጠሩ ነበር። ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚያነዱት፣ ድፍድፉን የሚያማስሉትና ጋኖቹን የሚጠብቁት ግን በባርነት የተያዙት ሃንሰን፣ ፒተር፣ ናት፣ ዳንኤል፣ ጄምስና ጢሞቴዎስ ነበሩ። በርስቱ መዝገብ የተጻፉት ያለ አባት ስም ነው። ሥራው ከባድ፣ ሙቀትና ጭስ የሞላበት፣ ግን ከፍተኛ ችሎታ የሚጠይቅ ነበር። ከሽያጩ የሚገኘው ትርፍ ለእነርሱ አይደርስም ነበር።

ምርቱና ገበያው

በ1799 የወጣው ውስኪ ዋጋ ከ7,500 ዶላር በላይ ነበር፤ ይህም በዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ነው። ተራው ውስኪ በጋሎን 50 ሳንቲም ገደማ ሲሸጥ፣ ደጋግሞ የወጣው ጠንካራው እስከ 1 ዶላር ያወጣ ነበር። ከፖምና ከኮክ የሚወጣ ብራንዲም ይዘጋጅ ነበር። ትልቁ ደንበኛ የአሌክሳንድሪያው ነጋዴ ጆርጅ ጊልፒን ሲሆኑ፣ የአካባቢው ገበሬዎችም ውስኪውን በገንዘብ ወይም በእህል ልዋጭ ይወስዱ ነበር። ዋሽንግተን እርሳቸው ራሳቸው ያስከበሩትን የውስኪ ግብር በ1798 ስለዚህ ማምረቻ 332 ዶላር ከፍለዋል።

ሞትና ኑዛዜ

በዲሴምበር 12 ቀን 1799 ዋሽንግተን በበረዶና በዝናብ ውስጥ በፈረስ ሆነው እርሻቸውን ሲጎበኙ ዋሉ። በማግሥቱ ጉሮሯቸውን ታመሙ፤ በዲሴምበር 14 ሌሊትም በ67 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያ ዓመት በማውንት ቨርነን 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ 123ቱ የዋሽንግተን የራሳቸው ሲሆኑ፣ ማርታ ከሞቱ በኋላ ነጻ እንዲወጡ በኑዛዜያቸው አዘዙ። ማርታ ግን በጃንዋሪ 1801 ቀድመው ነጻ አወጧቸው። ሌሎች 153 ሰዎች የማርታ የመጀመሪያ ባል ርስት ስለነበሩ ዋሽንግተንም ሆኑ ማርታ በሕግ ነጻ ሊያወጧቸው አይችሉም ነበር። ማርታ በ1802 ሲሞቱ እነዚህ ሰዎች ለልጅ ልጆቻቸው ተከፋፈሉ። ከሁለቱ ወገን የተጋቡ ብዙዎች ስለነበሩ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከፊሉ ነጻ ሲወጣ ከፊሉ በባርነት ቀረ።

ማምረቻው ከዋሽንግተን በኋላ

ወፍጮውንና ማምረቻውን የወረሱት የዋሽንግተን የወንድም ወይም የእህት ልጅ የሆኑት ሎረንስ ሉዊስና ሚስታቸው፣ የማርታ የልጅ ልጅ ኔሊ ከስቲስ ናቸው። ሥራው እንደ ቀድሞው ሳይቀጥል በ1814 ሕንጻው ተቃጠለ፤ ድንጋዮቹንም የአካባቢው ሰዎች ለሌላ ግንባታ ወሰዷቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቨርጂኒያ ግዛት ቦታውን ገዝቶ ወፍጮውን እንደገና አሠራ፤ የውስኪ ማምረቻው ግን ሳይሠራ ቀረ።

ከ1999 ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን ቆፍረው የሕንጻውን መሠረት፣ የጋኖቹን ምድጃ ቦታና የውሃውን ቦይ አገኙ። በዚህና በሒሳብ መዝገቦቹ መሠረት ማምረቻው በጥንቱ ቦታ ላይ እንደገና ተገንብቶ በ2007 ለጎብኚዎች ተከፈተ። ቦታው ከዋሽንግተን መኖሪያ ቤት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጎብኚዎች በውሃ የሚዞረውን ወፍጮ፣ የእንጨት ገንዳዎቹንና አምስቱን የመዳብ ጋኖች ማየት ይችላሉ። በተወሰኑ ወራትም ባለሙያዎች በእንጨት እሳትና በእጅ ሥራ በጥንቱ ቅንብር ውስኪ ያወጡበታል።