ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን እስከ ሕሙማን ቤት
የሌናርድ ቼሻየር የሕይወት ታሪክ

ለአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ ሲዋጣ በጋዜጣ የሚወጣው የሰጪዎቹ ስምና የገንዘቡ ልክ ነው። ገንዘቡ የተዋጣላቸው ሰዎች የት እንደሚኖሩ፣ ራታቸውን ከማን ጋር እንደሚበሉ፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚተኙና ይህንንም ማን እንደሚወስንላቸው የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ እንግሊዛዊው ሌናርድ ቼሻየር ከሠላሳ ዓመቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ቤት ሲያቋቁምና ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ሲለምን የኖረ ሰው ነው። ታሪኩ ከሰጪው ይልቅ ተቀባዩን እንድንመለከት የሚያስገድድ ስለሆነ፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የእርዳታ ኮሚቴ ውስጥ ለሚሠሩ ወጣቶች ይጠቅማል ብለን መርጠነዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቼሻየር የተወለደው መስከረም 7 ቀን 1917 በቼስተር ከተማ ነው። አባቱ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የሕግ መምህር ነበሩ። እርሱም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በኦክስፎርድ ሕግ ተማረ። ነገር ግን በተማሪነቱ ዘመን ይታወቅ የነበረው በትጋቱ ሳይሆን ፈጣን አውቶሞቢል በመውደዱና ከአቅሙ በላይ ገንዘብ በማጥፋቱ ነበር። አውሮፕላን ማብረርን የተማረው በዩኒቨርሲቲው የበረራ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በ1939 ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ጦርነቱ ስለ ተነሣ ወዲያው ወደ አየር ኃይል ገባ።

በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እያበረረ ከመቶ በላይ የጦር ተልእኮ ፈጸመ። ገና በ25 ዓመቱ የግሩፕ ካፕቴንነት ማዕረግ አገኘ፤ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ በዚህ ማዕረግ ከእርሱ የሚያንስ ወጣት አልነበረም። ወደ ውጊያ ለመመለስ ሲል ግን በ1943 ማዕረጉን በፈቃዱ ዝቅ አድርጎ 617ኛውን ስኳድሮን ተረከበ። በየካቲት 1944 በፈረንሳይ አገር በሊሞዥ ከተማ የነበረውን የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ እንዲመታ ሲታዘዝ፣ በዚያ የሚሠሩት ፈረንሳውያን ሸሽተው እንዲያመልጡ ቦምብ ከመጣሉ በፊት በፋብሪካው ጣራ ላይ ዝቅ ብሎ ደጋግሞ በረረ። በዚሁ ዓመት የአገሩ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት የሆነው የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። ሽልማቱም በአንድ ቀን ለፈጸመው ጀብዱ ሳይሆን አራት ዓመት ሙሉ ላሳየው ጽናት ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን 1945 የአቶም ቦምብ በናጋሳኪ ላይ ሲጣል ቼሻየር የእንግሊዝ መንግሥት ታዛቢ ሆኖ ከሩቅ በአውሮፕላን ይመለከት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የጦር ሠራዊቱን ተሰናበተ። በጦርነት ጊዜ በወታደሮች መካከል የነበረው ወንድማማችነት በሰላም ጊዜ እንዳይጠፋ አስቦ፣ ከጦር የተመለሱ ወንዶችና ሴቶች ከነቤተሰባቸው ሠርተው በአንድነት የሚኖሩበትን ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩም በሃምፕሻየር ግዛት ለ ኮርት በሚባል ብዙ ክፍሎች ባሉት ትልቅ ቤት ተቀመጠ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሥራው ግን አልተሳካም። እርሱ ታምሞ ወደ ካናዳ በሄደ ጊዜ አባሎቹ ተጣሉ፤ ዕዳውም በረከተ። በመጨረሻ ማኅበሩ ፈረሰና ዕዳ ያለበት ባዶ ቤት ብቻ ቀረለት።

በ1948 አንድ ሆስፒታል ስለ አርተር ዳይክስ ጉዳይ ጠራው። ዳይክስ ቀድሞ በአየር ኃይል ያገለገለ፣ በኋላም በፈረሰው ማኅበር ውስጥ አብሮት የነበረ ሰው ነው። በካንሰር ታምሞ ሊሞት ተቃርቧል፤ ሆስፒታሉ የሚያደርግለት ነገር አልነበረም፤ የሚሄድበትም ቤት አልነበረውም። እንደማይድን እስከዚያ ቀን የነገረው ሰው ስላልነበረ ይህንን የነገረው ቼሻየር ራሱ ነው። ከዚያም ወደ ለ ኮርት ወሰደው። የሕክምና ትምህርት የሌለው የጦር ጀግና ምግብ እያበሰለ፣ አልጋ እያነጠፈ፣ የታመመውን እያጠበ እስኪሞት ድረስ አስታመመው። ዳይክስ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዐረፈ። የዳይክስ እምነትና አሟሟት የቼሻየርን ልብ ስለ ነካው በዓመቱ መጨረሻ በገና ዋዜማ የካቶሊክ ሃይማኖት ተቀበለ።

ዳይክስ ሳይሞት ገና ሌሎች ሕሙማን መምጣት ጀምረው ነበር። ለዚህ ምክንያት አለው። በዚያው በ1948 የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝብ ሕክምና አገልግሎትን አቋቁሟል። ሆኖም ሆስፒታል የተሠራው ድኖ ለሚወጣ ሰው ነው እንጂ ዕድሜውን ሙሉ እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በወጣትነቱ እጁና እግሩ የዛለበት ሰው ቤተሰቡ ሊይዘው ካልቻለ፣ በዕድሜ የገፉ ሕሙማን ሞታቸውን በሚጠብቁበት ክፍል ከመተኛት በቀር ሌላ መጠጊያ አልነበረውም። ለ ኮርት ይህንን ጒድለት ስለ ሞላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተጨናነቀ። በ1951 በኮርንዎል ጠረፍ፣ አየር ኃይሉ ትቷቸው በሄደ ቤቶች ውስጥ ሁለተኛው ቤት ተከፈተ።

በሚቀጥለው ዓመት ቼሻየር ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና እስከ 1954 ድረስ ሆስፒታል ተኛ፤ የሳንባውም ከፊል በቀዶ ጥገና ወጣ። መሪው በሌለበት ጊዜ የመጀመሪያው ማኅበር እንደ ፈረሰ አይተናል። በዚህ ጊዜ ግን ሥራው ቆሞ አልቀረም፤ እንዲያውም ሰፋ። የዚህን ምክንያት መመርመር ይገባል።

ምክንያቱ የገንዘቡ አሰባሰብና የአስተዳደሩ ሥርዐት ነው። ቼሻየር ገንዘብ እስኪሞላ ጠብቆ ቤት የሚከፍት ሰው አልነበረም። አስቀድሞ ያረጀም ቢሆን ቤት ይፈልጋል፤ ሕሙማኑ ይገባሉ፤ የአካባቢው ሕዝብ ችግሩን በዓይኑ አይቶ እንዲረዳ ይጠራል። እያንዳንዱ ቤት ከአካባቢው ነዋሪዎች የተመረጠ ኮሚቴ ነበረው። ኮሚቴው በባዛር፣ በቶምቦላ፣ በሙዚቃ ምሽትና በልዩ ልዩ መዋጮ ገንዘብ ያሰባስባል። ለነዋሪዎቹ ቀለብና ጥበቃ ደግሞ የአውራጃው አስተዳደር በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ይከፍላል። የጋራውን ንብረት የሚጠብቅና ቤቶቹን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ ባለአደራ ድርጅት ተቋቋመ። አሠራሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የሰፈር ዕድር የሚቆመው በአንድ ባለጸጋ ስጦታ ሳይሆን በየወሩ በሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ነውና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን ማንም ያውቃል።

ነገር ግን በዕድር ውስጥ ከፋዩም ተረጂውም አንድ ሰው ነው። ዛሬ የሚያስተዛዝን ነገ ይስተዛዘናል፤ በስብሰባውም ላይ እኩል ይናገራል። በቼሻየር ቤቶች ግን መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ገንዘቡን የሰበሰበው ኮሚቴ ደንቡንም ያወጣ ነበር።

የለ ኮርት ነዋሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው የሚጦሩ ሰዎች አልነበሩም። የእጅ ሥራ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። የቼሻየር ፈገግታ የሚል መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። በ1950ዎቹ ማለቂያም የፊልም ክፍል አቋቁመው ስለ ኑሯቸው ራሳቸው ፊልም ያነሡ ጀመር። እንዲህ ያሉ ሰዎች የመኝታ ሰዓታቸውን ሌላ ሰው ሲወስንላቸው፣ ከግቢ ለመውጣት ሲያስፈቅዱ፣ ወንድና ሴት ሲቀራረቡ ሲታዩ ሊታገሡ አልቻሉም። በደንቡ ምክንያት በነዋሪዎቹና በአስተዳደሩ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። ነዋሪዎቹም በአስተዳዳሪው ኮሚቴ ውስጥ መቀመጫ እንዲኖራቸው ጠየቁ።

ከነዚህ አንዱ በ1937 የተወለደው ፖል ሀንት ነበር። ጡንቻን በሚያመነምን በሽታ ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሲሆን፣ ወደ ለ ኮርት የገባው በ1956 ነው። በ1966 አካል ጉዳተኞች ስለ ራሳቸው ኑሮ የጻፏቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳተመ። እርሱና ጓደኞቹ የኑሯቸውን ሁኔታ እንዲያጠኑ ሊቃውንትን ጋብዘው ነበር፤ በ1972 የወጣው የጥናት መጽሐፍ ግን ከነዋሪዎቹ ይልቅ ለአስተዳደሩ ያደላ ሆኖ ስላገኙት አዘኑበት። በዚያው ዓመት ሀንት ለአንድ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ ጠራ። ከዚህ ጥሪ የተነሣው ማኅበር ያወጣው ሐሳብ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ሐሳቡም የእግር መዛል አንድ ነገር ሲሆን፣ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንጻ፣ በሩን የሚዘጋ አሠሪና ሳይጠይቅ የሚወስን ኮሚቴ ሌላ ነገር ናቸው፤ ሰውን ከኑሮ የሚያግዱት እነዚህ ናቸው የሚል ነው። ሀንት በ1979 ሞተ።

ይህ ተቃውሞ የተወለደው በቼሻየር የመጀመሪያ ቤት ውስጥ መሆኑ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን የሥራውን ዋጋ የሚቀንስ ሆኖ አልታየንም። በሆስፒታል ተለያይተው ተኝተው ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ተገናኝተው መመካከር ባልቻሉም ነበር። ቤቱ ጣራ ሰጣቸው፤ ጐረቤት ሰጣቸው፤ የሚነጋገሩበት ገበታ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በገበታው ራስ ላይም ቦታ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የኮሚቴው ስሕተት የመጀመሪያውን ሰጥቶ ሁለተኛውን መከልከሉ ነበር።

በዚህ መካከል ሥራው ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቶ ነበር። ቼሻየር በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ሕንድ ሄዶ በዚያ ቤት ከፈተ። በ1959 በቦምቤይ ከተማ ያገባት ሱ ራይደርም በጦርነቱ ለተጐዱ ሰዎች የራስዋን የእርዳታ ድርጅት ያቋቋመች ሴት ነበረች። የእርስዋ ድርጅት ገንዘብ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ሰዎች በነጻ የሰጡትን ሰልባጅ ልብስና አሮጌ ዕቃ በሱቅ መሸጥ ነበር። በስሙ የተጠራው ድርጅት በ1962 በኢትዮጵያም ሥራ ጀመረ፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በመናገሻ የሚገኘው ማዕከሉ በልምሻ የተመቱ ሕፃናት በብረት ድጋፍና በክራንች መሄድ እንዲማሩ ያደረገ ነው።

ቼሻየር በሽምግልናው ዘመን አንድ ትልቅ የገንዘብ ዘመቻ ሞከረ። በሃያኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች ለሞተው ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ አምስት ፓውንድ ተሰብስቦ በአደጋ ለተጐዱ ሰዎች መርጃ እንዲውል አሰበ። በሐምሌ 1990 በበርሊን ከተማ፣ ግንቡ ፈርሶ በነበረበት ቦታ፣ ለዚሁ ገንዘብ ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገ፤ ከሁለት መቶ ሺሕ የማያንስ ሕዝብም ተሰበሰበ። የተገኘው ገንዘብ ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ። በአንድ ሌሊት የተሰበሰበው ያ ሁሉ ሕዝብ ያላስገኘውን፣ በየመንደሩ ኮሚቴ ባዛር የሚያዘጋጁ ሰዎች አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስገኙት ኖረዋል።

በ1991 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጠው። ወዲያውም ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ ሌሎችን በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋ የኖረው ሰው በመጨረሻ ወራቱ እርሱ ራሱ በዚያ ወንበር ተቀመጠ፤ ሌሎች ገፉት። ሐምሌ 31 ቀን 1992 በ74 ዓመቱ ሞተ። በዚያን ጊዜ ወደ ሃምሳ በሚጠጉ አገሮች በስሙ የሚጠሩ ቤቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ቤት ለ ኮርት በ2007 ተዘግቷል፤ የዛሬው አካል ጉዳተኛ የሚጠይቀው በትልቅ ግቢ ከመሰብሰብ ይልቅ በገዛ ቤቱ እየኖረ የሚያስፈልገውን እርዳታ ማግኘት ነውና።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙዎቹ አንድ ቀን የአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆነው መመረጣቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ መዝገቡን በንጽሕና መያዝና ቶምቦላውን በደንብ ማዘጋጀት ግዴታቸው ነው። ነገር ግን ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት በጠረጴዛው ዙሪያ ይመልከቱ። ገንዘቡ ከሚሰበሰብላቸው ሰዎች አንድ እንኳ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ከአጀንዳው ሁሉ አስቀድመው መቀመጫ ያስመጡለት። ወደ አዳራሹ የሚያስገባው ደረጃ ብቻ ከሆነም ስብሰባው በሌላ ቤት ይሁን።