ኬቮርክ ናልባንዲያን እና አርባዎቹ ልጆች

የአርመንያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚያወጣው አንድ የብር ሳንቲም አለ። የኖኅ መርከብ፣ የወይራ ቅርንጫፍ የያዘች ርግብና የአራራት ተራራ ተቀርጸውበታል። አራራት ዛሬ ያለው በቱርክ ግዛት ውስጥ ነው፤ አርመኖች ከየሬቫን ሆነው ከሩቅ ያዩታል። ያጡትን ተራራ በብር ላይ ቀርጸው ያስታውሱታል ማለት ነው። ይህ ሕዝብ ለእኛ ትቶልን ያለፈው ቅርስ ግን በዜማ ነው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1887 በአይንታብ ተወለዱ። ከተማዋ ለእኛ ለወንጌላውያን ባዳ አይደለችም፤ ከ1915ቱ እልቂት በፊት ብዙ የአርመን ወንጌላውያን ምእመናን ይኖሩባት ነበር። በዚያ እልቂት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ልጆች ያለ ወላጅ ቀሩ። አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠልለው የነፋስ ሙዚቃ መሣሪያ መጫወት ተማሩ።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ እነዚህን ልጆች አዩ። ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። ልጆቹ ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ጋር ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አገራችን ያን ጊዜ ባለጠጋ አልነበረችም፤ ቢሆንም ወላጅ አልባውን ተቀበለች። የከተማው ሰው “አርባ ልጆች” አላቸው፣ ስሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኬቮርክ የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ግጥሙ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ መንግሥት ፍጻሜም ድረስ ሲዘመር ኖረ። በልጅነታቸው በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የዘመሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን ዜማውን ዛሬም ያስታውሱታል። የደራሲውን ስም የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ይመስሉኛል። እዚህ ጉለሌ ቁስቋም ላለነው አርመን ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ስንቶቻችን በዚያ ስናልፍ ይህን ታሪክ አስበነው እናውቃለን?

ኬቮርክ አገር የሌለው ሰው ነበሩ ለማለት ይከብዳል፤ የትውልድ ከተማቸው ከአርመኖች ባዶ ስትሆን፣ እርሳቸው በሌላ አገር የሕዝብ መዝሙር ደራሲ ሆኑ። ለኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙዚቃ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዓረፉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሙዚቃውን ሥራ ቀጠሉበት።