ከአለንጋ ወደ ማኅሌት፦ የቅዱስ ያሬድ ሕይወት

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ስማቸው ሁልጊዜ ከሚነሣ ሰዎች አንዱ ቅዱስ ያሬድ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በዜማ ደራሲነቱ ነው። ይሁን እንጂ ያሬድ ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ ነበር፤ ቀጥሎ መምህር ሆነ፤ የዜማ አባት የተባለውም ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ነገ ኖራ ይዘን ሰሌዳ ፊት የምንቆም ሰልጣኞች ታሪኩን በዚህ ቅደም ተከተል ብናየው ብዙ እናተርፍበታለን።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ያሬድ የተወለደው በአክሱም ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እናቱ ወደ ዘመዷ ወደ መምህር ጌዴዎን ወስዳ ሰጠችው። ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ ዐዋቂ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ዳዊት አልያዝልህ አለው። ዛሬ የተማረው ነገ ይጠፋበታል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ መምህሩም ይገርፉታል። ገድሉ ይህን አይሸሽግም፤ እንዲያውም የታሪኩ መነሻ ያደረገው ይኸንኑ ነው።

አንድ ቀን ግርፊያው ሲበዛበት ያሬድ ትምህርቱን ትቶ ኮበለለ። ወደ መደባይ አገር ሲሄድ መንገድ ላይ ደከመውና ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ አለ። እዚያ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ አያት። ጥቂት ትወጣና ትወድቃለች፤ ተነሥታ ትወጣለች፤ ደግማ ትወድቃለች። እንዲህ ስትወድቅ ስትነሣ ቆይታ በሰባተኛው ላይ ፍሬው ዘንድ ደረሰች። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ራሱን ወቀሰ። ለሆዷ የምትደክም ትል ይህን ያህል ከታገሠች፣ እርሱ ለዕውቀት ብሎ አንድ ግርፊያ እንዴት አይታገሥም?

እንግዲህ ልብ በሉ። በአለንጋ ያልተገኘው ትምህርት በአንዲት ትል ተገኘ። ያሬድ ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ፤ ጌዴዎንም ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ በጸሎትና በትጋት እየተማረ ብሉይንም ሐዲስንም ዘለቀ፤ ዲያቆን ሆነ። ጌዴዎን ሲሞቱም ሸሽቶት በነበረው በዚያው ወንበር እርሱ ተተካ። ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ እንደነበረ ይተረካል።

ስንክሳሩ እንደሚለው ከያሬድ በፊት በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ የሚደርሰው በውርድ ንባብ፣ በለሆሳስ ነበር እንጂ ከፍ ያለ ዜማ አልነበረም። ከዚያም በኤዶም ገነት ወፎች አምሳል ሦስት መልእክተኞች መጥተው የሰማይ ካህናትን ማኅሌት አሰሙት ይባላል። ያሬድም ከቀኑ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ አርያም የተባለውን ዜማ በታላቅ ድምፅ አዜመ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሥራቸውን ጥለው መጥተው ሲያዳምጡት ዋሉ። ትናንት ቃል አልያዝ ያለው ልጅ ዛሬ አገሩን ሁሉ ጆሮ አስደፋ።

ይህ ደስታ ግን የአንድ ቀን ስሜት ሆኖ አልቀረም። ያሬድ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ከፈለው፤ ሦስቱም በቅድስት ሥላሴ ይመሰላሉ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍትም በስሙ ይጠራሉ። እርግጥ ነው፣ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት የኋላ ዘመን ሊቃውንት በድጓው ላይ ብዙ ጨምረዋል፤ በፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፈውን ምልክትም በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በሥርዓት እንዳደራጁት ይታወቃል። ይህ ለያሬድ ክብሩ ነው እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ደቀ መዝሙር በመምህሩ ሥራ ላይ ከጨመረ ማስተማሩ ሠምሯል ማለት ነው።

ድጓው የተደራጀው በዘመን ነው። የክረምቱ ዝናብ፣ የመስከረም አበባ፣ ልደቱም ትንሣኤውም እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። ፋሲካ ሲደርስ ከበሮው ይመለሳል። ያን ሌሊት የሚሰማው እልልታ እንዲያ የሚያምረው ከርሞ የቆየ ዝምታ ስላለ ነው። ስለዚህ በያሬድ ትምህርት ደስታ ሲመጣ ብቻ የሚቀበሉት እንግዳ አይደለም፤ ቀን ተቆርጦለት፣ ቤት ተጠርጎለት የሚጠበቅ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሊቃውንቱ ስምንቱን የዜማ ምልክቶች ሲተረጉሙ ለክርስቶስ ሕማም ይሰጧቸዋል። ይዘት የመያዙ፣ ሂደት የመጎተቱ፣ ድፋት የመውደቁ፣ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ መንጠብጠብ ነው ይላሉ። ቅናት፣ ደረትና ቁርጥም እንዲሁ የየራሳቸው ትርጓሜ አላቸው። እንግዲህ ካህኑ በበዓል ቀን ደስ ብሎት ሲያሸበሽብ፣ ድምፁን የሚመሩት ምልክቶች የመከራ ምልክቶች ናቸው። የክርስቲያን ደስታ መከራን የረሳ ደስታ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን ይገኛል? ግርፋትን በጀርባው ያወቀ ልጅም ይህን ለማስተማር የተገባ ሰው ነው።

ስለ ንጉሥ ገብረ መስቀል የሚነገረውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ንጉሡ የዐፄ ካሌብ ልጅ ነው። አንድ ቀን ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይሰማ ነበር። በዜማው ተመስጦ ሳለ የተደገፈበት ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተክሎ ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡም አላወቀ፣ ያሬድም አልተሰማው። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ደሙ ካሳ የወደደውን ሁሉ እንዲጠይቅ ነገረው። ያሬድ ግን ሹመትም ወርቅም አልጠየቀም። ከከተማ ወጥቶ በምናኔ ለመኖር ፈቃድ ብቻ ለመነ። ንጉሡ ቢያዝንም ቃሉን ማጠፍ አልቻለም። ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያ ብርድ አገር እያስተማረና እየጸለየ ኖሮ በ571 ዓ.ም. ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ታስበዋለች።

ብርድ አገር ካልን ጨንቻም ብርድ አገር ናት። እዚህ ደጋ ላይ ጉም ሲወርድ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። መስከረም ሲደርስ ግን በሸማ ሥራ አዲስ አበባ የከረመው ዶርዜ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ደመራ ይደመራል። በኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ከበሮው ሲመታ፣ በወንጌላውያኑ ጸሎት ቤትም መዝሙሩ ይደምቃል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ እዚህ የሚከበረው ግን ቤቱ ስለሞላለት ሰው አይደለም። እንሰቱ ቢያንስም ገበያው ቢቀዘቅዝም ሕዝቡ ምስጋናውን ስለማያስቀር ነው።

ታዲያ ለእኛ ለመምህራን የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ፊደል አልያዝ ያለው፣ ጓደኞቹ የሚስቁበት አንድ ልጅ መኖሩ አይቀርም። እንደ ጌዴዎን ልንገርፈው እንችላለን። ጌዴዎን ግን ልጁ ሲመለስ ደጃቸውን አልዘጉም፤ ቢዘጉ ኖሮ ድጓም ማኅሌትም ባልተሰማ ነበር። ስለዚህ ያ ልጅ ሰባተኛውን ሙከራ እስኪሞክር እንታገሠው። በዚያ ልጅ አፍ ውስጥ ምን ዓይነት ዜማ እንዳለ ገና አልሰማንምና።