አንሴልም ፓየን፤ ብቅልንና ገለባን የመረመረው ሊቅ

በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ በዓል ሲቃረብ እናቶቻችን ገብሱን በውሃ ይዘፈዝፋሉ፤ በቅጠል ሸፍነው ያቆዩታል፤ ጎንቁሎ ሥር ሲያወጣ በፀሐይ አድርቀው ይፈጩታል። ይህ ብቅል ከሌለ ጠላ እንደማይጠነሰስ ልጅም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ገብሱ በመብቀሉ ምን አዲስ ኀይል አገኘ ተብለን ብንጠየቅ፣ ተምረናል ከምንለው መካከል እንኳ አፉን ሞልቶ የሚመልስ ጥቂት ነው። ይህን ኀይል ከብቅል ለይቶ ያወጣው፣ ከአውድማ የሚተርፈውም ገለባ ከምን እንደ ተሠራ ለዓለም ያስታወቀው ሰው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንሴልም ፓየን ነው። ዛሬ ከገለባና ከአገዳ ነዳጅ ለማውጣት የሚደክሙት ሊቃውንት ሁሉ የሚሠሩት እርሱ በጣለው መሠረት ላይ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፓየን በ1795 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሕግ ሙያ የሠለጠነ፣ ኋላ ግን የኬሚካል ፋብሪካዎችን ያቋቋመ ሰው ነበር። ልጁን ተማሪ ቤት አልሰደደውም፤ ራሱ በቤቱ አስተማረው። ወጣቱ ፓየን ዕድሜው ሲደርስ በዘመኑ ስማቸው ከገነነው ከሊቃውንቱ ከቮክለንና ከሸቭረል ዘንድ ኬሚስትሪን ተማረ።

ትምህርቱን እንደ ፈጸመ የተሰጠው ሥራ የቦራክስ ፋብሪካ ማስተዳደር ነበር። ቦራክስ ብረት ለመበየድና ሸክላን ለማንጸባረቅ የሚያገለግል ጨው መሰል ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ከእስያ እየመጣ በሆላንድ ነጋዴዎች እጅ ብቻ ይሸጥ ስለ ነበር ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ፓየን ከኢጣልያ በሚመጣ ቦሪክ አሲድና በሶዳ ቦራክስን ራሱ መሥራት ቻለ፤ ዋጋውንም እጅግ ዝቅ አድርጎ ገበያውን ከነጋዴዎቹ እጅ አወጣው። ቀጥሎም ስኳር ከቀይ ሥር ዘመድ በሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ከተቃጠለ አጥንት የሚገኘው ከሰል የስኳሩን ጭማቂ ቀለም አጣርቶ እንደሚያነጣ አስረዳ።

የፋብሪካ ሰው መሆኑ ለጥናቱ እንቅፋት አልሆነበትም። እንዲያውም ጥያቄዎቹ ሁሉ ከሥራው የሚነሡ ነበሩ። የበቀለ ገብስ ስታርችን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ ከእርሱ በፊት የታወቀ ነገር ነው፤ ይህን የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ግን አልተለየም ነበር። በ1833 ዓ.ም. ፓየንና የሥራ ባልደረባው ፐርሶ የተፈጨ ብቅል በውሃ በጥብጠው አጠለሉ፤ በተጠለለውም ውሃ ላይ አልኮል ቢጨምሩበት አንድ ነጭ ነገር ወደ ታች ዘቀጠ። ከዚህ ነጭ ነገር እፍኝ የማይሞላው ብዙ ስታርች ወደ ስኳር ይለውጥ ነበር። በፈላ ጊዜ ግን ኀይሉን ያጣል። እነርሱም ዲያስታዝ የሚል ስም አወጡለት። ዛሬ ኤንዛይም ከምንላቸው ነገሮች ተለይቶ የወጣው የመጀመሪያው ይህ ነው፤ የብዙዎቹ ኤንዛይሞች ስም መጨረሻው «አዝ» የሚሆነውም ይህንኑ በመከተል ነው።

በ1835 ዓ.ም. ፓየን ፋብሪካውን ትቶ በፓሪስ የጥበብና የኢንዱስትሪ ከፍተኛ ተማሪ ቤት መምህር ሆነ። ከ3 ዓመት በኋላ ሁለተኛውን ታላቅ ሥራውን ገለጠ። የልዩ ልዩ ዛፎችን እንጨት በናይትሪክ አሲድና በሌሎች መድኃኒቶች እያጠበ ሲመረምር፣ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲሄድ ከሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ጭረት ይቀራል። እርሱም ሴሉሎስ ተባለ። የእንጨቱም፣ የጥጡም፣ የገለባውም ዋና አካል ይኸው ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ሴሉሎስ የተሠራባቸው ነገሮች በዓይነትም በመጠንም ከስታርች ጋር አንድ ሆነው መገኘታቸው ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተውል። ፓየን በአንድ እጁ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኀይል፣ በሌላ እጁ የስታርችን ወንድም ሴሉሎስን ይዞ ነበር። ስኳር ከተገኘ እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ አልኮልም ይነድዳል። ታዲያ ብቅሉ ገለባውን ለምን አልፈታውም ቢሉ፣ ምክንያቱ የማያያዣው ልዩነት ነው። ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆኑ፣ የስታርች ቀለበቶች የተያያዙበትና የሴሉሎስ ቀለበቶች የተያያዙበት መንገድ አይመሳሰልም። ስለዚህ የአንዱ ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም። የሴሉሎስ ቁልፍ ያለው በሻጋታዎች ዘንድና በበሬ ጨጓራ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ፍጥረታት ዘንድ ነው። በፓየን ዘመን ግን ይህ ገና አልታወቀም።

በ1842 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። ፓሪስ በጀርመኖች ስትከበብ ሽማግሌው መምህር ከተማውን ትቶ አልሄደም። በ1871 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ከተማይቱ በእርስ በርስ ጦርነት በምትታመስበት ሰዓት በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

የቀረው ቁልፍ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በፓሲፊክ ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳኖች በሻጋታ እየተበሉ አስቸገሩ። ጥፋቱን ለማቆም የተጀመረው ምርመራ ሴሉሎስን በብርቱ የሚፈታ ሻጋታ አስገኘ፤ ከእርሱም የሚወጣው ኤንዛይም ዛሬ ገለባን ወደ ስኳር ለመለወጥ ያገለግላል። ሆኖም ሥራው ቀላል አልሆነም። ገለባው አስቀድሞ በሙቀት ወይም በአሲድ መለስለስ አለበት፤ ኤንዛይሙም ውድ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ ከተከፈቱት ታላላቅ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ወጪውን ስላልቻሉ ተዘግተዋል።

በሀገራችንም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኤታኖል ያወጣል፤ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን ሞላሰስ ራሱ ስኳር ነውና እርሾ እንጂ የሴሉሎስ ቁልፍ አያስፈልገውም። የገለባው ጉዳይ ገና ከፊታችን ነው።

ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲሄዱ በየአውድማው የገብስ ገለባ ተከምሮ ይታያል። ይህን አይቶ ነዳጅ በከንቱ ወደቀ ብሎ የሚናገር ወጣት ቢኖር ችኩል ነው። ገለባው የበሬው ቀለብ፣ ከጭቃም ጋር ተቦክቶ የቤቱ ምርጊት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እናቶቻችን የሚያነዱት ኩበት ከእርሻው የተነጠቀ ማዳበሪያ ነው፤ የማገዶውም ፍለጋ የስሜንን የአስታ ዛፍ፣ ከዛፉም ጋር የዋልያውን ማደሪያ ይጎዳል። ስለዚህ ጥያቄው ገለባን ማንደድ ይቻላል ወይ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከበሬው ተርፎ፣ ከማገዶውም ረክሶ ይገኛል ወይ የሚለው ጭምር ነው። ይህን ሚዛን የሚመዝኑት በዚያው በደባርቅ ዩኒቨርሲቲና በሌሎቹ ተማሪ ቤቶቻችን ያሉት ወጣቶች፣ በየወረዳውም የተመደቡት የግብርና ሠራተኞች ናቸው።

ፓየን ሥራውን የጀመረው ከመጽሐፍ ይልቅ ከፋብሪካው ወለል ነው፤ ዋጋ ማስላትንም ከሊቅነቱ አላሳነሰውም። እኛም ምርመራውን ከእናታችን ጓዳ፣ ከብቅሉ እንስራ አጠገብ ብንጀምረው አያሳፍረንም።