ኢሳይ ሹርና የመርጋት ፈተናው

የሒሳብ ሊቁ ኢሳይ ሹር እ.ኤ.አ. በ1875 ዛሬ በቤላሩስ በምትገኘው በሞጊሌቭ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1894 በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1901 በፍሮቤኒየስ መሪነት ዶክተር ሆነ። ቦን ጥቂት ዓመታት አስተምሮ በ1916 ወደ በርሊን ተመለሰ፤ በ1919 ሙሉ ፕሮፌሰርነት ተሰጠው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን በ1917 እና በ1918 ያሳተመው ባለ ሁለት ክፍል ጽሑፍ ነው። ሹር ስለ መሣሪያ አላሰበም፤ የንጹሕ ሒሳብ ሰው ነበር። በ1922 ተማሪው አርተር ኮን ሥራውን አስፋፋው። የሹርና ኮን ፈተና የሚባለው ይኸው ነው።

ፈተናው ምን ይፈትናል? አንድ ስሌት የዛሬውን ውጤት ከትናንቱ ያወጣል እንበል። የዛሬው የትናንቱ ግማሽ ከሆነ፣ አንዴ የገባች ስሕተት ግማሽ፣ ሩብ እያለች ትጠፋለች። እጥፍ ከሆነ ግን 2፣ 4፣ 8 እያለች ሁሉን ታበላሻለች። ድምፅን በቁጥር የሚያጣራ መሣሪያም እንዲሁ ነው። የሚረጋው የፖሊኖሚያሉ ሥሮች በሙሉ ራዲየሱ 1 በሆነ ክብ ውስጥ ሲያድሩ ነው። ታዲያ ዲግሪው ከፍ ሲል ሥር መፈለግ አድካሚ ነው። ሹር ያለ ሥር ፍለጋ መልሱን ያገኛል።

እስቲ ጠመኔ አንሡ። የዛሬው ውጤት የትናንቱ ግማሽ ሲቀነስ የትናንት በስቲያው ሩብ ይሁን። ኮኤፊሸንቶቹ 4፣ -2፣ 1 ይሆናሉ። መጀመሪያ ዳርና ዳሩን አወዳድሩ፤ ምልክቱን ትታችሁ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ካላነሰ ሥርዓቱ አይረጋም፣ አለቀ። እዚህ 1 ከ4 ያንሳል፤ አለፈ። ቁጥሮቹን ገልብጡ፦ 1፣ -2፣ 4። የፊተኞቹን በ4፣ የተገለበጡትን በ1 አባዝታችሁ ቀንሱ፦ 15፣ -6፣ 0። ዜሮዋን ጣሉ። 6 ከ15 ያንሳል፤ ስለዚህ ይረጋል። ዲግሪው ቢበዛም ያው መደጋገም ነው። የሹር ስሌት የመጀመሪያው የጂ.ኤስ.ኤም. ሞባይል ስልክ ድምፅ በሚጨመቅበት ደንብ ውስጥም ገብቷል።

ሹር መምህርነቱም የታወቀ ነበር። ትምህርቱን አጥርቶ ያዘጋጃል፤ ወደ 400 ተማሪ በሚሞላው አዳራሽ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ መምህሩን ለማየት የቲያትር መነጽር ይዞ ይመጣ ነበር። (እኛ ዘንድ ከኋላ የሚቀመጠው ለሌላ ምክንያት ነው!)

በሚያዝያ 1933 ናዚዎች አይሁድ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያባርር ሕግ ሲያወጡ ሹር ከማስተማር ታገደ። ባልደረባው ኤርሃርድ ሽሚት ተሟግቶለት ለጊዜው ተመለሰ፤ በ1935 ግን ፈጽሞ ተሰናበተ። ከውጭ አገር ጥሪ መጥቶለት ነበር፤ ራሱን እንደ ጀርመን ይቈጥር ስለነበር አልሄደም። በ1938 ከሳይንስ አካዳሚውም እንዲወጣ ተገደደ። በ1939 ታሞና ደኽይቶ ወደ ፍልስጥኤም ተሰደደ። ለኑሮው ሲል መጻሕፍቱን አሜሪካ ፕሪንስተን ላለው የምርምር ተቋም ሸጠ። ጥር 10 ቀን 1941፣ 66 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ቴል አቪቭ ውስጥ ልቡ ቆመ።