ጉንፔ ዮኮይ በቀፊራ ሚዛን

ስለ ጌም ማሽን የሚከራከር ሰው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጉልበት ነው፡፡ የማን ማሽን ይፈጥናል? የማን ስዕል ይጠራል? ሶኒ ይሻላል ወይስ ማይክሮሶፍት? እኔ ሃምሳን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ልጆቼ ቢያፍሩብኝም ጌም መጫወት አልተውኩም፡፡ ይህን ክርክር ግን ከአታሪ ዘመን ጀምሮ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ፡፡ በበኩሌ የጌም ማሽን ትክክለኛ ሚዛን ያለው በቶኪዮ ወይም በሎስ አንጀለስ ኤግዚቢሽን ሳይሆን ድሬዳዋ ውስጥ፣ ቀፊራ ገበያ ነው እላለሁ፡፡

በቀፊራ የጌም ኩባንያ ቅርንጫፍ የለም፤ የዋስትና ወረቀትም የለም፡፡ ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይገላበጣል፡፡ ገዢው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፡፡ ድንጋዩ ስንት ሰዓት ይቆያል? ቢወድቅ ይተርፋል? የድሬን ሙቀትና አቧራ ይችላል? ሲበላሽስ ከፍቶ የሚያየው ሰው ይገኛል? ወደ ዋጋ ክርክር የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፡፡

እነዚህን ጥያቄዎች ከቀፊራ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ የሥራው መመሪያ አድርጓቸው ነበር፡፡ ጉንፔ ዮኮይ ይባላል፡፡ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሠራውን ግን ያልነካ እጅ ጥቂት ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሱ ነው፡፡

የካርታ ፋብሪካው ጠጋኝ

ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1941 በኪዮቶ ከተማ ተወለደ፡፡ በዚያው ከተማ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ፡፡ ትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች አልተቀበሉትም፡፡ በ1965 ሥራ የሰጠው እዚያው ኪዮቶ የነበረው ኒንቴንዶ ነው፡፡ ኒንቴንዶ ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ኩባንያ አልነበረም፤ ከ1889 ጀምሮ አበባ የተሳለባቸው የጃፓን መጫወቻ ካርታዎች የሚያትም ድርጅት ነበር፡፡ የዮኮይ ሥራም የካርታ ማምረቻ ማሽኖቹን እየተከታተለ መጠገን ሆነ፡፡ በአጭሩ፣ ዲግሪ ያለው ጠጋኝ ነበር፡፡

ማሽን ካልተበላሸ ጠጋኝ ሥራ የለውም፡፡ ዮኮይ በትርፍ ሰዓቱ እየተዘረጋና እየተሰበሰበ ዕቃ የሚይዝ የእንጨት ክንድ ለራሱ መዝናኛ ሠራ፡፡ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ፋብሪካውን ሲጎበኙ አዩት፡፡ ሌላ አለቃ ቢሆን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር፡፡ ያማኡቺ ግን ለገበያ የሚሆን አሻንጉሊት እንዲያደርገው አዘዙት፡፡ አልትራ ሃንድ የተባለው ይህ መጫወቻ በ1966 ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፡፡ ጠጋኙ ከማሽኖቹ ሥር ወጥቶ የአሻንጉሊት ፈጣሪ ሆነ፡፡

ቀጥሎ የመጣው የ1969ኙ የፍቅር መለኪያ ነው፡፡ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው በሌላው እጃቸው መሣሪያውን ሲጨብጡ መርፌው የፍቅራቸውን መጠን ያሳያል ተባለ፡፡ ውስጡ ያለው በሰውነት ውስጥ የሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚለካ፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያውቀው ተራ መሣሪያ ነው፡፡ ዮኮይ የሸጠው ግን መሣሪያውን ሳይሆን እጅ ለመያያዝ ሰበቡን ነው!

የእሱ ፍልስፍና ያኔውኑ ቅርጽ ይዟል፡፡ በኋላ ስም ሲያወጣለት የጠወለገ ቴክኖሎጂን በጎን ማሰብ አለው፡፡ የጠወለገ ማለቱ የማይረባ ማለቱ አይደለም፡፡ ጊዜ አልፎበት ርካሽ የሆነ፣ ጉድለቱም መድኃኒቱም የታወቀ፣ እንደልብ የሚገኝ ማለቱ ነው፡፡ በጎን ማሰብ ደግሞ ያንን ዕቃ ማንም ካላሰበበት ሥራ ላይ ማዋል ነው፡፡ ቀፊራ የዘይት ጀሪካን ውኃ መቅጃ፣ የመኪና ጎማ ጫማ ሲሆን ያየ ሰው ለዚህ ፍልስፍና ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡

የካልኩሌተር ጦርነት ትሩፋት

በ1970ዎቹ ሻርፕና ካሲዮ በካልኩሌተር ገበያ ሲፎካከሩ ዋጋ እየሰበሩ መጡ፡፡ የካልኩሌተር ስክሪንና ቺፕም ረከሰ፡፡ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ የደከመው ተሳፋሪ ጊዜ ለመግፋት የካልኩሌተሩን ቁልፎች ሲነካካ አየ ይባላል፡፡ ከዚያ የተወለደው በ1980 የወጣው ጌም ኤንድ ዎች ነው፡፡ በካልኩሌተር ስክሪን ላይ አንድ ጨዋታና አንድ ሰዓት ይዞ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነበር፡፡ እስከ 1991 ድረስ በተለያዩ ዓይነቶች ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፡፡

በ1982 በዚሁ ተከታታይ ዶንኪ ኮንግ ሲወጣ፣ ረጅም ዱላ ያለው መቆጣጠሪያ ኪስ ውስጥ አልገባም አለ፡፡ ዮኮይ በአውራ ጣት የሚጫን ጠፍጣፋ መስቀል አደረገለት፡፡ ዛሬ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ መቆጣጠሪያውን ስታነሱ በግራ አውራ ጣታችሁ ሥር የምታገኟቸው አራት አቅጣጫዎች ዘራቸው ከዚያ ይመዘዛል፡፡

ዶንኪ ኮንግ ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት የተወለደበት መንገድም የሚገርም ነው፡፡ ኒንቴንዶ አሜሪካ የላካቸው ራዳር ስኮፕ የተባሉ ትልልቅ የጌም ማሽኖች ሳይሸጡ መጋዘን ሞሉ፡፡ ሺገሩ ሚያሞቶ የተባለ ወጣት ሠዓሊ በዮኮይ ተቆጣጣሪነት አዲስ ጨዋታ ፈጠረና ያልተሸጡት ማሽኖች ውስጥ ገባ፡፡ ያ ጨዋታ ኩባንያውን ከኪሳራ አዳነው፤ ማሪዮ የሚባለውን ባለ ሪዙንም ወለደ፡፡

አራት ድንጋይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፡፡ ጌምቦይ በጃፓን ገበያ የወጣው ሚያዝያ 21 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.) ነው፡፡ የዮኮይ ቡድን ሥራ ሲሆን በምህንድስናው የሳቶሩ ኦካዳ ድርሻ ትልቅ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም፡፡ ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ መሰል መደብ ላይ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ ያሳያል፡፡ ከኋላው መብራት ስለሌለው በጨለማ አይታይም፡፡ በአሜሪካ ዋጋው 90 ዶላር ገደማ ነበር፡፡

ተፎካካሪዎቹ ሳቁበት፡፡ በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስ የተባለውን ባለ ቀለም ማሽን በ180 ዶላር ገደማ አመጣ፡፡ ሴጋም በ1990 ጌም ጊርን በጃፓን አወጣ፤ በዓመቱ አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር፡፡ ሁለቱም ቀለም አላቸው፤ ሁለቱም ብርሃን አላቸው፡፡ ሁለቱም ግን ስድስት ድንጋይ ጎርሰው በአራትና አምስት ሰዓት ይጨርሱታል፡፡ ጌምቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል፡፡

በዚህ ላይ ቴትሪስ ተጨመረ፡፡ ሞስኮ ውስጥ በአሌክሲ ፓጂትኖቭ የተፈጠረው ጨዋታ መብቱ የማን እንደሆነ ሲያወዛግብ ቆይቶ፣ ሄንክ ሮጀርስ በ1989 ሞስኮ ድረስ ሄዶ በእጅ ለሚያዝ ማሽን የሚሆነውን ፈቃድ አገኘ፡፡ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለቤት ማሽን የተሠራውን የተፎካካሪ ቴትሪስ ከገበያ አገደ፡፡ ለሕግ ተማሪ ይህ ጉዳይ ብቻውን አንድ ሴሚስተር ይበቃዋል፡፡ ቴትሪስ ቀለም አይፈልግም፤ ብርሃንም አይፈልግም፡፡ ለዮኮይ ማሽን የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር፡፡

ውጤቱስ? ጌምቦይ በኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፡፡ ጌም ጊር 11 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ፤ ሊንክስማ እዚያም አልደረሰ፡፡ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ቃጠሎ ፊቱን ያቀለጠው አንድ ጌምቦይ ሲከፈት ስለሠራ፣ ለረጅም ዓመታት ኒውዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ለእይታ ቆሞ ነበር፡፡

የእኔም ምስክርነት አለ፡፡ በ1980ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ለሥራ ድሬዳዋ ሳለሁ ቀፊራ ውስጥ ከአሮጌ ሬዲዮኖች መካከል አንድ ጌምቦይ አገኘሁ፡፡ የድንጋይ ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ ታስሯል፤ ከስክሪኑም ላይ ሦስት አራት መስመር ጠፍቷል፡፡ ሻጩ እንደ ድሬ ልጅ ወግ አንተ እያለ ሲያሻሽጠኝ ቆይቶ ጎረቤቱ ወዳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ላከኝ፡፡ ጠጋኙ በካቻቢቴ ከፍቶ የስክሪኑን የታችኛውን ጠርዝ በጋለ መበየጃ ቀስ እያለ አሞቀው፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፡፡ ጌም ማሽን ከዚያ በፊት ከፍቶ አያውቅም ነበር፡፡ የጠወለገ ቴክኖሎጂ ማለት ይህ ነው፤ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ውስጡን አይቶ ይረዳዋል፡፡

ቀዩ መነጽር

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፡፡ በ1995 ኒንቴንዶ ቨርቹዋል ቦይ የተባለውን የዮኮይን አዲስ ሥራ ለገበያ አቀረበ፡፡ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ፊት የሚቀበርበት መነጽር መሰል ማሽን ነው፤ በጥቁር ላይ ቀይ ስዕል ብቻ በጥልቀት ያሳያል፡፡ ቀዩ የተመረጠው ቀይ መብራት ርካሽና ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ስለሆነ ነበር፡፡ ፍልስፍናው አልተለወጠም ማለት ነው፡፡ የተለወጠው ሌላ ነው፡፡ ማሽኑ እንደ ጌምቦይ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ዓይንና አንገት ያደክማል፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰውም ምንም አያይም፡፡ የፍቅር መለኪያውን የሠራ ሰው፣ ሰውን ከሰው የሚለይ ዕቃ ይዞ ቀረበ፡፡ 800 ሺህ እንኳ ሳይሸጥ በዓመቱ ከገበያ ወጣ፡፡

ዮኮይ በነሐሴ 1996 ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቀ፡፡ ከውድቀቱ የተነሳ ተገፍቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀድሞውንም የራሱን ድርጅት ለመክፈት አስቦ ነበር የሚሉም አሉ፡፡ ኪዮቶ ውስጥ ኮቶ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ከፈተ፡፡ ጥቅምት 4 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.) በአውራ ጎዳና ላይ የተሳፈረበት መኪና ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ገጨ፡፡ ጉዳቱን ለማየት ወርዶ ሳለ ሌላ መኪና ገጨውና ሕይወቱ አለፈ፡፡ ዕድሜው 56 ነበር፡፡

የሕግ ሰው ነኝና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፡፡ በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 123 መሠረት፣ በቅጥር ሥራ የተገኘ ፈጠራ የፓተንት መብት ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው፡፡ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ኪሳራውን የሚሸከመው አሠሪው ነውና፡፡ ነገር ግን ትርፉን ከወሰድክ ውድቀቱንም አብረህ ውሰድ፡፡ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ማሽን የኒንቴንዶ፣ ያልተሸጠው ቀይ መነጽር ደግሞ የዮኮይ ተብሎ ሲወራ ስሰማ ከሂሳቡ የጎደለ ነገር እንዳለ ይሰማኛል፡፡ መቼም ቨርቹዋል ቦይን ለገበያ እንዲቀርብ የወሰነው ኩባንያው ነው፡፡

ለእኛ የሚተርፈው

ያው አዋጅ አነስተኛ ፈጠራ የሚል ክፍል አለው፡፡ ትልቅ ግኝት ባይሆንም አዲስና በሥራ ላይ ሊውል ለሚችል ነገር ጥበቃ ይሰጣል፡፡ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ዮኮይ ነው፡፡ የመሐንዲስነት ትምህርት የጨረሱ ልጆቻችን ጋር ስነጋገር ብዙዎቹ የሚጠብቁት የመጨረሻውን ማሽን፣ የመጨረሻውን ቺፕ ነው፡፡ እሱ እስኪመጣ እጅ ይታጠፋል፡፡

ያልጠበቁም አሉ፡፡ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ማምረት ያቆመው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የከተሞቻችን ጌም ቤቶች ግን ከዚያም በኋላ ያንኑ ማሽን ሲያሠሩት ኖረዋል፡፡ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት መቆጣጠሪያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተራ ይጠብቃል፡፡ ለአንድ ቤተሰብ ሳሎን የታሰበውን ማሽን በጎን አስበው እንደ ጆተኒ የሠፈር ንብረት አደረጉት፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ጨዋታ የሠሩ ወጣቶችም ውድ ኮንሶል ሳይሆን ሰው ሁሉ ኪሱ የያዘውን ስልክ መረጡ፡፡

ዮኮይ ያላየው የመጨረሻ ሥራው በመጋቢት 1999 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ፡፡ ለባንዳይ ኩባንያ የተሠራው ዎንደርስዋን ነው፡፡ ዋጋው 4,800 የን፣ ጌምቦይ ሲወጣ ከነበረው ከግማሽ በታች፡፡ ስክሪኑ እንደ ጌምቦይ ቀለም የለውም፤ ስሙን ለማስታወስ ጉንፔይ የተባለ ጨዋታ አብሮት ወጣ፡፡ ማሽኑ የሚሠራው በአንድ ድንጋይ ብቻ ሲሆን እሷም ከሠላሳ ሰዓት በላይ ታቆየዋለች፡፡ ቀፊራ ቢደርስ ኖሮ ገዢው የመጀመሪያ ጥያቄውን መጠየቅ ባላስፈለገው ነበር፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡