አይና ኦናቦሉ፤ የሥዕል ትምህርት ፋና ወጊ

አንድ የትምህርት ዓይነት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሰፍሮ ሲታይ ከጥንት ጀምሮ በዚያው የነበረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የተሟገተለትና የደከመለት ሰው ይኖራል። በናይጄሪያ ሥዕል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ቀዳሚውን ድካም የደከሙት ሠዓሊው አይና ኦናቦሉ ናቸው።

ኦናቦሉ እ.ኤ.አ. በ1882 በዮሩባ ምድር በምትገኘው በኢጄቡ ኦዴ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሥዕል የሚያስተምራቸው ሰው ስላልነበረ፣ ከባሕር ማዶ በሚመጡ መጻሕፍትና መጽሔቶች ላይ የታተሙትን ሥዕሎች እያዩ በመገልበጥ እጃቸውን አፍታቱ። ወደ ሌጎስ ተሻግረው ትምህርታቸውን ከቀጠሉ በኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ ብሩሻቸውን አልጣሉም። እ.ኤ.አ. በ1906 የሌጎስ ነዋሪ የነበሩትን የወይዘሮ ስፔንሰር ሳቬጅን መልክ በውሃ ቀለም ሲሥሉ ገና አንድም ቀን የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም ነበር።

በዚያን ዘመን የቅኝ ገዥው ትምህርት ዋና ዓላማ ጸሐፊና አስተርጓሚ፣ ሰባኪና መምህር ማፍራት ስለ ነበር ለሥዕል የሚተርፍ ሰዓት አልነበረውም። ከዚህም የከፋው፣ የአፍሪካዊ እጅ የሰውን መልክ አስመስሎ ለመሥራት አይችልም የሚለው የብዙ አውሮፓውያን እምነት ነበር። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሌዎ ፍሮቤኒየስ እ.ኤ.አ. በ1910 በዚያው በዮሩባ ምድር፣ በኢፌ፣ ሕያው የሚመስሉ ጥንታዊ የሰው ራስ ቅርጾችን ባየ ጊዜ ጥበቡን ለአገሩ ሰዎች በመስጠት ፈንታ፣ በግሪኮች አፈ ታሪክ በባሕር ሰጠመች ለምትባለው ለአትላንቲስ ሰጠ። ስለዚህ ለኦናቦሉ አንድን መልክ አስተካክሎ መሣል ከሙያም አልፎ ለዚህ ክስ የሚሰጥ መልስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1920 ወደ ለንደን ተጉዘው በሴንት ጆንስ ዉድ የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ፤ በፓሪስም በዡልያን አካዳሚ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሠዓሊነትና የመምህርነት ማስረጃ ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ በኪንግስ ኮሌጅ፣ በሲ.ኤም.ኤስ. ግራመር ስኩልና በሌሎች የሌጎስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ ማስተማር ጀመሩ። ትምህርታቸው ጥብቅ ሥርዓት ነበረው፤ የሰው አካል መጠን፣ የብርሃንና የጥላ አጣጣል፣ የውሃ ቀለም አጠቃቀም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፐርስፔክቲቭ የተባለው ሕግ። ቅርቡ ገዝፎ ሩቁ አንሶ የሚታይበትን፣ የአንድ ቀጥተኛ መንገድ ሁለት ጠርዞች ወደ አድማስ ሲሄዱ የሚገናኙ የሚመስሉበትን ምክንያት አዘውትረው ያስረዱ ስለ ነበር ተማሪዎቻቸው አቶ ፐርስፔክቲቭ የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው።

ሥራው ለአንድ ሰው የሚበዛ መሆኑን ስላዩ ሌላ የሥዕል መምህር እንዲመጣ መንግሥትን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1927 እንግሊዛዊው ኬኔት ሙሬይ መጣ። ነገር ግን የመጣው ረዳት ተቃራኒ ሐሳብ ይዞ ተገኘ። ሙሬይ የአውሮፓ የአሣሣል ሕግ የአገሩን ጥበብ ያጠፋል ብሎ ስለ ሠጋ፣ ተማሪው ወደ መንደሩ ሕይወት፣ ወደ እንጨት ቅርጽና ወደ ሸክላ ሥራ እንዲያተኩር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1937 የአምስት ተማሪዎቹን ሥራ ለንደን ውስጥ በዝዌመር ጋለሪ ለሕዝብ አሳየ። ጥንታዊ ቅርሶችን ለማሰባሰብ ያደረገው ጥረትም እ.ኤ.አ. በ1957 ለተከፈተው የሌጎስ ሙዚየም መሠረት ሆነ።

ሁለቱም ያዩት አደጋ እውነተኛ ነበር። ሙሬይ ሊጠፋ የተቃረበውን ቅርስ አየ። ኦናቦሉ ደግሞ፣ ወግህ ይበቃሃል የተባለ ተማሪ ሌላው ዓለም በነፃ ከሚማረው ዕውቀት ተነጥሎ እንደሚቀር አዩ። በዘመኑ ብዙዎች የሙሬይን መንገድ አፍሪካዊ፣ የኦናቦሉን ግን የአውሮፓ ግልባጭ አድርገው ቆጠሩት። ሆኖም ምን መማር እንዳለበት ለራሱ የመረጠው አፍሪካዊው ነበር፤ ለሌላው የመረጠለት ግን እንግዳው ነው። የሙሬይ ዝነኛ ተማሪ ቤን ኤንዎንዉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ እንግሊዝ ሄዶ በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት መማሩ፣ ኦናቦሉ የተሟገቱለት ዕውቀት በወግ ስም የሚታለፍ እንዳልነበረ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በዛሪያ ኮሌጅ ይማሩ የነበሩ እነ ኡቼ ኦኬኬ፣ ዴማስ ንዎኮና ብሩስ ኦኖብራክፔያ ማኅበር አቋቁመው፣ በትምህርት ቤት ያገኙትን ሙያና ከአባቶቻቸው የወረሱትን ጥበብ ለማዋሐድ ተነሡ። ሁለቱ መምህራን ተለያይተው የያዙትን እነዚህ ወጣቶች በአንድ ላይ ያዙት።

አይና ኦናቦሉ አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃነቷን ስትቀዳጅ ለማየት በቅተው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ዐረፉ። ዶክተር ሳፓራንና ሲሲ ነርስን የመሳሰሉ የመልክ ሥዕሎቻቸው ከስማቸው ጋር ሲነሡ ይኖራሉ። ከእነዚህ የማያንሰው ሥራቸው ግን በሸራ ላይ አይታይም፤ ለእርሳቸው በልጅነታቸው የተነፈገውን መምህር፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ልጆች በክፍላቸው ውስጥ ቆሞ ማግኘታቸው ነው።